ልንኩል ስንል ዓይን እንዳናጠፋ

ጠመንጃ በአገራችን የብረትና የእንጨት ዕቃ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ለልጅ ውርስ፥ ለጀግና ሽልማት ሆኖ ኖሯል። ጌታው በሞተ ጊዜም ከፈረሱና ከጋሻው ጋራ በለቅሶው መካከል ወጥቶ ስለ ሟቹ ሰውነት ይመሰክር ነበር። ስሙ እንኳ ከአገራችን ቋንቋ ጋራ ተዋሕዶ ቀርቷል። ስናድር የምንለው ስናይደር ከተባለው ሠሪው ስም፥ ውጅግራ የምንለው ደግሞ ፈረንሳዮች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1874 ካወጡት የግራ ጠመንጃ የመጣ መሆኑ ይታወቃል። ፈረንሳዊው ስም በአባቶቻችን አፍ ላይ ዜግነቱን ለውጦ አማርኛ ሆነ።

ዛሬ ልንናገርበት የወደድነው ግን ስለ ጠመንጃ ክብር አይደለም፤ ስለ እድሳቱ ነው። ከአባት ወይም ከአያት የወረሱትን አሮጌ መሣሪያ «እንደ አዲስ ላድርገው» የሚሉ ሰዎች አሉ። አሳቡ መልካም ነው፤ ፍቅርም ያለበት ነው። ነገር ግን ፍቅር ዕውቀት ካልተጨመረበት ሊኩል ሄዶ ዓይን እንደሚያጠፋ ሰው ይሆናል። በተለይ ባለ ሁለት አፈሙዝ በሆነው በጥንቱ የአደን ጠመንጃ ላይ ይህ ጉዳት የከፋ ስለ ሆነ፥ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ብንመለከተው መልካም መስሎ ታየን።

በመጀመሪያ ከአንድ ወዳጃችን ቤት የደረሰውን እንናገር። የወዳጃችን አያት በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ወደ ዱር ከወረዱት አርበኞች አንዱ ነበሩ። ይዘውት የወረዱት አንድ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ነው። አያትየው በዱር ሳሉ በብረቱ ጎን ላይ በጩቤ ጫፍ ሦስት ትንንሽ መስቀሎችና የስማቸውን መጀመሪያ ፊደል ቀርጸውበት ነበር። መሣሪያው በሕግ ተመዝግቦ ለልጃቸው ተላለፈ። ወዳጃችንም የሚያዝያ 27ን የድል በዓል ምክንያት በማድረግ አባቱን ሊያስደስት አስቦ፥ በአቃቂ ቃሊቲ ወደሚገኝ አንድ የብረት ሥራ ቤት ወሰደው። የሥራ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልገንም፤ ጥፋቱ የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና።

ጠመንጃው ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደ መስተዋት አብርቶ ተመለሰ። ነገር ግን ሲዘጉት እንቢ አለ። ሠራተኛውም ትንሽ በሞረድ ቢነካው ተዘጋ፤ ሲዘጋ ደግሞ ይወዛወዝ ጀመር። ብሎኖቹ ጥርሳቸው ተበልቷል፤ እንጨቱ ከብረቱ በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። ሦስቱ መስቀሎችና ፊደሉም የሉም። አባትየው ጠመንጃውን ተቀብለው ካገላበጡት በኋላ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ይህ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

እንግዲህ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ሠራተኛው ሰነፍ ነበርን? አይደለም። እንዲያውም የአቃቂ ቃሊቲ የብረት ባለሙያ በአገራችን ስመ ጥር ነው። የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ መንገዱ በአቃቂ በኩል ነበር። ከዚያ በኋላ በዚያ ሰፈር የጨርቃ ጨርቅ፥ የብረታ ብረት፥ የመለዋወጫ ዕቃና የእጅ መሣሪያ ፋብሪካዎች ቆመዋል። በፋብሪካዎቹ አጠገብም ሞርሳና ቶርኖ ይዘው የሚሠሩ ብዙ ትንንሽ ቤቶች በቅለዋል። ከውጭ አገር የሚመጣ የመኪና ዕቃ ሲጠፋ፥ የወፍጮ ዘንግ ሲሰበር፥ የውሃ መሳቢያ ሲበላ፥ የአቃቂ ሰው አስመስሎ ይሠራዋል። ይህ ሙያ አገር የሚያኮራ ነው።

ችግሩ ግን ከዚሁ ከሙያው ጠባይ ይመነጫል። የመለዋወጫ ሥራ ሕጉ አንድ ነው፤ የተበላውን ጣለው፥ የሸከረውን ላገው፥ የጎደለውን በብየዳ ሙላው፥ ከዚያም በልኩ አውጣው። ለወፍጮ ዘንግ ይህ ትክክለኛ ሕግ ነው፤ የወፍጮ ዘንግ ታሪክ የለውምና፥ ልኩም በመጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። የጥንቱ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ግን ልኩ በመጽሐፍ የለም። ልኩ ያለው በራሱ በጠመንጃው ላይ ብቻ ነው። እርሱን ከፋቁት ልኩም አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

ይህን ለመረዳት አሠራሩን ጥቂት ማወቅ ያሻል። ከመካከሉ ተሰብሮ የሚታጠፈውን የአደን ጠመንጃ ለዓለም ካስተዋወቁት ሰዎች ዋናው ካዚሚር ሌፎሼ የተባለው የፓሪስ ጠመንጃ ሠሪ ነው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1835 ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝ በርሚንግሃም፥ በቤልጅግ ሊዬዥ፥ በፈረንሳይም ሴንት ኤቲየን ይህን መሣሪያ በብዛት ሠርተዋል። ሁለቱ አፈሙዞች ጎን ለጎን ይጣመራሉ፤ ከሥራቸው አንድ መንጠቆ ይወጣል። መንጠቆው በጠመንጃው ገላ ውስጥ ባለ ፒን ላይ ይንጠለጠላል፤ ሲዘጋም መቀርቀሪያ ይይዘዋል። የአፈሙዙ ቂጥ ከገላው ግንባር ጋራ ገጥሞ መቀመጥ አለበት፤ ጥይቱ ሲተኮስ ቀልሃውን ወደ ኋላ እንዳይወጣ የሚደግፈው ይህ ግንባር ነውና።

ታዲያ ይህ መግጠም እንዴት ያለ መግጠም ነው? የጥንት ሠሪዎች በሁለቱ መካከል የሲጋራ ወረቀት አግብተው ይዘጉት ነበር። ወረቀቱ ሲሳብ ከወጣ ሥራው አላለቀም ማለት ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር ዐሥረኛ እጅ ያንሳል፤ የሲጋራ ወረቀት ደግሞ ከጠጉር ይቀጥናል። ወደዚህ ልክ የሚደርሱት በጥላሸት ነበር። ብረቱን በኩራዝ ጢስ ያጠቁሩታል፤ ይዘጉታል፤ መልሰው ይከፍቱታል። ጥላሸቱ የተላቀቀበት ቦታ የነካው ቦታ ነውና እርሱን ብቻ በጥሩ ሞረድ ይዳብሱታል። እንዲህ እያሉ አንዱን ጠመንጃ ለመግጠም ብዙ ቀን ይፈጅባቸው ነበር። በአቃቂ የሚገኙ አንድ አረጋዊ የቶርኖ ባለሙያ በውሃ መሳቢያ ዕቃ ላይ ይህንኑ የጥላሸት ብልኃት ሲሠሩበት በዓይናችን አይተናል። ስለዚህ ጥበቡ በአገራችን የለም ለማለት አይቻልም፤ የጎደለው ጥበቡን በየትኛው ዕቃ ላይ እንዴት እንደሚያውሉት መለየት ነው።

አሁን ወደ እድሳቱ እንመለስ። ሠራተኛው ጠመንጃውን ፈትቶ ዝገቱን ለማጥፋት በብርጭቆ ወረቀትና በሚሽከረከር መወልወያ ይፈትገዋል። ከዚህ የሚመጡት ጉዳቶች ብዙ ናቸው።

አንደኛ፥ መወልወያው ለስላሳውንና ጠንካራውን፥ ሜዳውንና ጠርዙን አይለይም። ሹሉን ጠርዝ ያደበድበዋል፤ የብሎኑን ቀዳዳ አፍ እንደ ሳህን ያጎደጉደዋል። ከብረቱ ገጽ ጥቂት በተነሣ ቍጥር እንጨቱ ከብረቱ በላይ ቆሞ ይቀራል። ሠራተኛው ይህን ባየ ጊዜ እንጨቱንም ይፍቀዋል፤ ያን ጊዜ በእጅ የተቀረጸው የመያዣው ጥልፍ ይጠፋል። አንዱ ስሕተት ሌላውን ይወልዳል።

ሁለተኛ፥ የጥንቱ ብሎን በየቀዳዳው ልክ በእጅ የተሠራ ነው። በጥሩ ጠመንጃ ላይ የብሎኖቹ አናት ስንጥቅ ሁሉ ጠመንጃው በተዘረጋበት አቅጣጫ ተሰልፎ ይቆማል። አናቱ ሲፋቅ ብሎኑ ከቦታው አልፎ ይዞራል፤ ስንጥቁም ስለሚሳሳ ካቻቢቴ አይዘውም። ከገበያ የሚገዛው ብሎን ደግሞ ጥርሱ ከጥንቱ ጋራ አይስማማም። በግድ ሲገባ ቀዳዳውን ያበላሸዋል።

ሦስተኛ፥ የገላው ብረት ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ላዩ ብቻ የጠነከረ ነው። የጥንት ሠሪዎች ከአጥንትና ከእንጨት ከሰል ጋራ በሣጥን አሽገው በእሳት ካጋሉት በኋላ በውሃ ውስጥ ይነክሩት ነበር። ሰማያዊና ቡናማ ደመና የመሰለው ጌጡ የሚመጣው ከዚህ ነው። የጠነከረው ቆዳ ግን ስስ ነው። በመወልወያ ከተነሣ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ብረት ይወጣል፤ በጥቂት ጊዜም ይበላል። ይህን ለመመለስ እንደ ገና በእሳት ሲያነዱት ደግሞ ገላው ይጣመማል። በጠጉር ልክ የተገጠመ ነገር በጠጉር ልክ ሲጣመም መዝጋት እንቢ ይላል። በወዳጃችን ጠመንጃ ላይ የደረሰው ይህን የመሰለ ነገር ነው።

አራተኛ፥ ሁለቱ አፈሙዞችና በመካከላቸው የሚሄደው ቀጭን ብረት የተያያዙት በቆርቆሮና በእርሳስ ቅልቅል ነው። ዛሬ ብረትን በፍጥነት ለማጥቆር በኮስቲክ ሶዳ ውስጥ የሚቀቅሉበት ዘዴ አለ። ለአዲስ ጠመንጃ ይረዳል፤ ለዚህ ግን መርዝ ነው። ሶዳው ማያያዣውን ይበላዋል፤ በስንጥቁ ውስጥም ተደብቆ ቆይቶ ከወራት በኋላ ከውስጥ ያዝገዋል። ባለቤቱ ጠመንጃው ድኗል ብሎ ሲያርፍ ሁለቱ አፈሙዞች ቀስ በቀስ ይለያያሉ። ብረትና አረብ ብረት እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው በተሠሩት በጥንቶቹ የደማስቆ አፈሙዞች ላይ ደግሞ ጉንጉኑ የሚያሳየው መልክ ይጠፋል።

አምስተኛውና ለታሪክ ሰው የሚያሳዝነው፥ የምልክቶቹ መጥፋት ነው። በበርሚንግሃም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1813 የተቋቋመ የጠመንጃ መፈተኛ ቤት አለ፤ በሊዬዥም እንዲሁ አለ። የተፈተነ አፈሙዝ ሁሉ ማኅተም ይመታበታል። ማኅተሙ የት እንደ ተሠራ፥ በየትኛው ዘመን፥ ለምን ያህል ባሩድ እንደ ተፈተነ ይናገራል። ከዚህም በላይ የኛ አባቶች የጨመሩት መስቀል፥ ስም፥ የአንበሳ ምልክትም አለ። ይህ ሁሉ ጥልቀቱ እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ መወልወያው በአንድ ሰዓት ያጠፋዋል። ጠመንጃውም የማንም ያልሆነ ይሆናል።

እስከ ዚህ የተናገርነው ስለ ንብረትና ስለ ታሪክ ነው። ነገር ግን የሰው ሕይወትም አለበት። አዲስ የመሰለ ጠመንጃ ያየ ሰው ሊተኩስበት ይመኛል። በውጭ አገር ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ብዙዎቹ የጥንት አደን ጠመንጃዎች የተሠሩት ለጥቁር ባሩድ ነው። የጥይት ጎሬያቸውም 65 ሚሊ ሜትር ለሚባለው ቀልሃ ነው፤ ዛሬ በብዛት የሚገኘው ግን 70 ሚሊ ሜትር ነው። ረጅሙ ቀልሃ በአጭሩ ጎሬ ውስጥ ይገባል፤ ሲተኮስ ግን አፉ የሚዘረጋበት ቦታ ስለሚያጣ ኃይሉ ከልክ በላይ ይሆናል። በዚህ ላይ አፈሙዙ በመፋቅ ከሳሳ፥ ግንባሩም ካልገጠመ፥ እሳቱ ወደ ተኳሹ ዓይንና እጅ ይመለሳል። ማኅተሙ ስለ ጠፋም ለምን ባሩድ እንደ ተሠራ የሚጠይቁት ምስክር የለም። የሚያበራ ጠመንጃ ሁሉ ደኅና ጠመንጃ አይደለም!

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ «እንግዲያስ ዝገት ይብላው ልትሉ ነውን?» ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ግን፥ ዝገትን ማቆምና ብረትን መፋቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው የሚል ነው። ቀዩን የሚያድግ ዝገት በዘይት አርሶ፥ በለስላሳ የናስ ሽቦ ወይም በእንጨት ቁራጭ በትዕግሥት ማንሣት ይቻላል። ጥቁር ሆኖ የረጋውን የዘመን ቀለም ግን መተው ነው፤ እርሱ ለብረቱ ልብስ ነውና። ሥራ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን ጎን ፎቶግራፍ ማንሣት፥ ምልክቱን ሁሉ በወረቀት መገልበጥ፥ ብሎኖቹን እንደየቀዳዳቸው ለይቶ ማስቀመጥ ያሻል። የላላ ነገር ቢኖር ከገላው መፋቅ ሳይሆን፥ የማጠፊያውን ፒን ጥቂት ወፈር ባለ ፒን መተካትና አሮጌውን አብሮ ማኖር ይሻላል፤ ነገ የተሻለ ባለሙያ ቢመጣ ወደ ቀድሞው ሊመልሰው ይችላልና። የማይመለስ ሥራ መሥራት የሚገባው ሌላ መንገድ በጠፋ ጊዜ ብቻ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ከብረት የተፋቀውን ግን አፍሶም መልቀም አይቻልም።

ደግሞም መሣሪያን የሚመለከት ነገር ሁሉ የሕግ ጉዳይ መሆኑ አይዘነጋ። ስለ ጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር የወጣው አዋጅ ቍጥር 1177/2012 አለ። ስለዚህ አሮጌም ቢሆን መሣሪያ የያዘ ሰው፥ ወደ ሠራተኛ ከመሄዱ በፊት የሚመለከተውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይገባዋል። ሠራተኛውም ፈቃድ ሳያይ የሰውን መሣሪያ አይቀበል። ይህ ለሁለቱም ጥበቃ ነው።

አሁን ወደ ዋናው አሳባችን እንድረስ። አገራችን ጠመንጃን ገዝቶ ከመተኮስ አልፋ፥ ብረትን ራሷ ለመሥራት የጣረች አገር ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩት፥ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የዚህ ምስክር ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ብረት ቀጥቃጩን ስንንቅ ኖረናል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ያለ ምክንያት አልነበረም። ዛሬ ስድቡ ቢቀርም ሌላ ዓይነት ንቀት አልቀረም። የብረት ሠራተኛውን የምንፈልገው የተሰበረውን ቶሎና በርካሽ እንዲቀጥልልን ብቻ ነው። ታሪክን መጠበቅ የተማረ ሰው ሥራ፥ ብረትን መንካት ግን የቶርኖ ቤት ሥራ ነው ብለን ለያይተናቸዋል። የወዳጃችን ጠመንጃ የጠፋው በዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መካከል የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቋል። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድል ያደረጉት አባቶቻችን የያዙት መሣሪያ የሚከበርበት ዘመን መጣ ማለት ነው። ነገር ግን በመታሰቢያ ቤት ከሚቀመጠው ይልቅ በየሰዉ ቤት ያለው ይበዛል። ይህን ሁሉ የሚጠብቅ እጅ ከየት ይመጣል? እኛ ከአቃቂ ቃሊቲ ሊመጣ ይችላል እንላለን። በዚያ ሰፈር ሞረድ መያዝ የሚያውቅ፥ በጥላሸት መግጠም የሚችል ሰው አለ። እንደ ተግባረ እድ ያሉ የሙያ ትምህርት ቤቶች ለእነዚህ ሰዎች የአንድ ወቅት ትምህርት ቢከፍቱ፥ የቅርስ መሥሪያ ቤቱ ሰዎችም ምን መፋቅ እንደማይገባ ቢያስተምሯቸው፥ እነርሱም በተራቸው ለቅርስ ሰዎች ብረት እንዴት እንደሚናገር ቢያሳዩአቸው፥ ሁለቱ ወገኖች ይጠቃቀማሉ። ይህ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። የሚጠይቀው የተማረው ወደ ሥራ ቤቱ እንዲወርድ፥ ሠራተኛውም ወደ መታሰቢያ ቤቱ እንዲወጣ ነው።

ጥቅሙም ለጠመንጃ ብቻ አይሆንም። የቤተ ክርስቲያን መቋሚያና ጸናጽል፥ የአባቶች ጎራዴና ጋሻ፥ የምድር ባቡሩ አሮጌ ዕቃ፥ የድሮው ወፍጮና የማተሚያ መኪና ሁሉ ይህንኑ እጅ ይጠብቃሉ። ሁሉም «አብራልኝ» በሚል ቃል ሊጠፉ የተዘጋጁ ናቸው።

የአባቱን ጠመንጃ በእጁ የያዘ ወጣት ሁሉ ይህን እንዲያስብ እንለምነዋለን። በብረቱ ላይ ያለው ጭረት ጉድፍ አይደለም፤ ንባብ ነው። የተበላው ሰደፍ የአንድ ሰው ጕንጭ ብዙ ሌሊት ያረፈበት ቦታ ነው። ዝገቱ እንዳይበላው ዘይት ቀባው፥ ከእርጥበት አርቀው፥ ለልጆችህ ስለ ባለቤቱ ንገራቸው። ብርሃን ካስፈለገህ ግን ብርሃኑን በታሪኩ ላይ አብራ፤ ብረቱን ተወው።